ለወንዙ የተለቀቀ መሬት

አንድ ግንበኛ ነበር፤ ስሙ አንዳርጌ ይባላል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ድንጋይ ሲጠርብና ሲገነባ ኖሮ አንድም ግድግዳ ዘሞበት ወይም ተሰንጥቆበት አያውቅም። ንግግር አያበዛም። አሠሪው ሀብታም ይሁን ድሃ፣ ቁፋሮው ጠንካራ መሬት ካልነካ የመጀመሪያውን ድንጋይ አያስቀምጥም ነበር። በዚህ ግትርነቱ የሚያኮርፉት ነበሩ፤ ትልቅ ሥራ ሲመጣ ግን እነዚያው ሰዎች እሱን ይፈልጉታል።

የሚኖርባትን ከተማ ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል። የወንዙ ስም ገራም ነው፤ ስሙን ያወጡለት የድሮ ሰዎች ጠባዩን አይተው ነበር። በወዲህ በኩል ገበያው፣ የነጋዴዎቹ መጋዘኖች፣ የገዢው ግቢና የባለሙያዎች ቤቶች አሉ። የአንዳርጌም ቤት እዚሁ ነበር፤ ከወንዙ ብዙም ሳይርቅ፣ እሱ ራሱ በጠረበው ድንጋይ ተሠርቶ። በወዲያ በኩል ያለውን ሰፈር ሰው ሁሉ «ማዶ» ይለዋል። እዚያ ሸክላ ሠሪዎች፣ ቆዳ ፋቂዎችና ሸማኔዎች ይኖራሉ። ከተማው እንስራውንም ሸማውንም ከማዶ ይገዛል፤ የማዶን ሰው ግን ለሥራ ካልሆነ ወደ ቤቱ አይጠራም።

ከጊዜ በኋላ ዝናቡ ጠባዩን ለወጠ። በልጉ ሳይዘንብ ያልፋል። ክረምቱ ዘግይቶ ይገባና የሁለት ወር ዝናብ በሁለት ሳምንት ያወርደዋል። ሰማዩን አይተው ወቅቱን ይናገሩ የነበሩ ሽማግሌዎች የሚሉት ሁሉ አልሰምር ስላላቸው ዝም አሉ። በአንዱ ክረምት ገራም ሞልቶ ገበያው ውስጥ ገባ። ሰው «ክፉ ዓመት ነው» ብሎ አለፈው። በዓመቱ እንደገና መጣ፤ ጎተራ ገለበጠ፣ የጨው መጋዘን አሟሟ፣ ሦስት ሰው ወሰደ። ያን ጊዜ ክፉ ዓመት ነው የሚል ሰው አልተገኘም።

ውኃው እንደጎደለ ገዢው የከተማውን ታላላቆች ሰበሰበ። የነጋዴዎቹ አለቃ ነጋድራስ ይመኑ ሐሳብ አቀረበ፤ በወዲህ ዳር፣ ወንዙ አፍ ላይ፣ ሁለት ሰው የሚያህል ከፍታ ያለው ግንብ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሠራ አለ። ሁሉም ተስማማ። ከእያንዳንዱ ቤት አንድ ሰው በሳምንት ሁለት ቀን ለሥራው እንዲወጣ ታወጀ። አዋጁ ማዶንም ይጨምር ነበር። ድንጋዩ የሚፈለጠው ከማዶ ጀርባ ካለው ኮረብታ ስለሆነ ዋናው ሸክም የወደቀው በማዶ ሰዎች ላይ ነው። እነሱም ከከተማው ሰው ጋር እኩል ሲቆጠሩ የመጀመሪያቸው ነውና ደስ ብሏቸው ጀመሩ። ሥራውን እንዲመራ የተጠራው አንዳርጌ ነበር።

አንዳርጌ በሕይወቱ ይህን የሚያህል ሥራ አግኝቶ አያውቅም። በዚያ ላይ ግንቡ የራሱንም ቤት ይከልላል። መሠረቱን ከመቆፈሩ በፊት ግን ውኃው በየት በየት፣ ምን ያህል እንደደረሰ በዓይኑ ማየት ፈለገ። በወዲህ በኩል ቤት ለቤት ጠይቆ ሲጨርስ ድልድዩን ተሻግሮ ማዶ ገባ። እዚያ ላቀች የምትባል ባሏ የሞተባት ሸክላ ሠሪ አገኘ። ግቢዋ ውስጥ ፀሐይ ላይ የተደረደሩ ድስቶችን እያገላበጠች ነበር። ሥራዋን ትታ ወደ ቤቷ ጭቃ ግድግዳ ወሰደችውና በእጇ አሳየችው። ጉልበት ላይ የሚደርስ ጥቁር መስመር ዙሪያውን ተሰምሮበታል።

«አያ አንዳርጌ፣ ግንቡ ሲያልቅ ውኃው ወዴት ይሄዳል?» ብላ ጠየቀችው።

በወንዙ ይወርዳል አላት።

«አምናም በወንዙ ነበር የወረደው። በዚያ በኩል ገበያው ውስጥ ገባ፣ በዚህ በኩል እዚህ መስመር ላይ ደረሰ። አሁን በዚያ በኩል እንዳይገባ ልትከለክሉት ነው። ገበያው ውስጥ ገብቶ የነበረው ውኃ የት ይሁን?»

አንዳርጌ ጎንበስ ብሎ መስመሩን እንደገና አየ። ላቀች ደግሞ ለመከራከር የምትፈልግ ሴት አልነበረችም። ከተቦካው ጭቃ አንድ እፍኝ አነሣችና ግቢዋ መሬት ላይ ተንበርክካ በጣቷ ትንሽ ቦይ ቆፈረች፤ ከቦዩ ወዲህና ወዲያ ገና ያልተተኮሰ ጭቃ አድቦልቡላ ቤት አስመሰለች። ከዚያ በማሰሮ ውኃ አፈሰሰች። ውኃው ሞላና በሁለቱም በኩል እኩል ፈሰሰ። ቀጥላ በአንዱ ዳር ረዘም ያለ ጭቃ ከፍ አድርጋ አቆመችና ያንኑ ያህል ውኃ አፈሰሰች። በዚህኛው በኩል ጠብታ አላለፈም። በወዲያኛው በኩል ውኃው የጭቃውን ቤት ከበበው፤ ቤቱ መጀመሪያ ለሰለሰ፣ ቀጥሎ ጎበጠ፣ ከዚያ ቦታው ላይ ጠፋ።

አንዳርጌ ቁጢጥ ብሎ ለረጅም ጊዜ አየው። ማሰሮውን ተቀብሎ ራሱ ሞከረ። በመጨረሻ ረዘም ያለውን ጭቃ ከቦዩ አፍ አንሥቶ ወደ ኋላ አራቀው፤ በወዲያ በኩል ያለውንም ቤት ከዳሩ አሸሸው። ውኃው ሲፈስ በሁለቱም በኩል እየሰፋ፣ እየሳሳ ሄደና ቤቶቹ እግር ሥር ሲደርስ ቆመ። ይህንኑ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ አየ።

ከማግስቱ ጀምሮ ገመድና ችካል ይዞ የወንዙን ዳር በእርምጃው ለካ። ውኃው ተንጣልሎ እንዲያልፍ ግንቡ ከወንዙ አፍ ስልሳ እርምጃ መራቅ አለበት። በማዶ በኩልም የፊተኛው ረድፍ ቤቶች ተነሥተው በላይ ወዳለው የገዢው ግጦሽ መውጣት አለባቸው። ገመዱን በወዲህ በኩል ሲዘረጋ አንዱ ችካል በነጋድራስ ይመኑ መጋዘኖች ጀርባ ላይ ወደቀ፤ ሌሎቹ የገዢውን አትክልት ቦታ ለሁለት ከፈሉት። የመጨረሻው ችካል ያረፈው ከራሱ ቤት በስተኋላ ነበር። ቤቱ ከግንቡ ውጭ፣ ከወንዙ ጋር ቀረ ማለት ነው። ተሳስቼ ይሆናል ብሎ ገመዱን ሰብስቦ እንደገና ለካ። አልተሳሳተም።

ገዢው ፊት ቀርቦ ያየውን ሁሉ ተናገረ። ስለ ራሱ ቤት ግን ያን ቀን አላነሣም። ገዢው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን ክረምቱ እየቀረበ ነበርና ቸኩሏል፤ ዙሪያውን የተቀመጡትም ግንቡ ቶሎ እንዲጀመር የሚጎተጉቱ ናቸው።

«ከተማዬን ለወንዝ ስጥ ነው የምትለኝ?» አለው።

«ወንዙማ መውሰዱን ጀምሯል ጌታዬ። ለእኛ የቀረልን ከየት እንደሚወስድ መምረጥ ነው።»

ነጋድራስ ይመኑ ጣልቃ ገባ። ነገሩ ተመዝኖ ያለቀ ነው አለ። ማዶ ያለው ንብረት ሁሉ ቢሰበሰብ የእሱን አንድ መጋዘን እንደማይሞላ፣ የአንዳርጌ ሐሳብ ደግሞ ጉልበቱን እጥፍ እንደሚያደርገው፣ የገበያውንም ግማሽ እንደሚበላ አስረዳ። ከተማን ለማዳን ጥቂት ጎጆ ቢጠፋ ይህ ጉዳት ሊባል እንደማይገባው ጨምሮ ተናገረ።

«ጎጆው የእርስዎ ቢሆን ኖሮ ነጋድራስ፣ ሂሳብዎ ልክ ነበር» አለ አንዳርጌ። «ሰው የራሱን ሰጥቶ የራሱን ሲያድን ማን ምን ይለዋል? እርስዎ ግን የሰውን ሰጥተው የራስዎን ነው የሚያድኑት። በዚያ ላይ ድንጋዩን የሚሸከሙልዎት እነሱ ናቸው።»

ገዢው ክርክሩን ቆረጠው። እንደታዘዝከው ሥራ፣ አለው። አንዳርጌ የግድግዳን ቀጥ ማለት የሚያይበትን ቱምቢውን ከወገቡ ፈቶ ገዢው እግር ሥር ምንጣፉ ላይ አስቀመጠ።

«ሠላሳ ዓመት ሠርቼ አንድም ግድግዳ ሰው ላይ አልወደቀብኝም። ይኼኛው ሳይወድቅ ነው የሚገድለው። ሌላ ሰው ይሥራላችሁ።»

ለዚህ ንግግሩ አሰሩት። በሦስተኛው ቀን አስጠርተው ሐሳቡን ለውጦ እንደሆነ ጠየቁት፤ ያንኑ መለሰ። የታሰረ ግንበኛ ምንም ስለማይሠራ መልሰው ለቀቁት። ነጋድራስ ይመኑም ከሌላ ከተማ አንድ ግንበኛ አስመጣ።

አንዳርጌ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ብርቄ እጁን አስታጥባ እህል አቀረበችለት። ያኔ ነው የመጨረሻው ችካል የት እንዳረፈ የነገራት። ብርቄ እጇን ከመሶቡ ሳበች።

«ይህ ቤት ሲሠራ ጭቃውን ያቦካሁት እኔ ነኝ» አለችው። «አገሩን ሁሉ ስታማክር እኔን ሳትጠይቀኝ ለወንዝ ሰጠኸው?»

አንዳርጌ ጥፋቱን አመነ። ነጋድራስን የወቀሰበትን ጥፋት በገዛ ቤቱ ሠርቶ ነበርና ማመካኛ አልፈለገም። ብርቄ ሁለት ቀን አላናገረችውም። በሦስተኛው ቀን ነጠላዋን ለብሳ ለብቻዋ ማዶ ተሻገረች። ላቀች ቤት ገብታ ያንን ጥቁር መስመር በእጇ ዳሰሰችው። የላቀች ቤት ስንት ዓመቱ እንደሆነ፣ ማን እንደሠራው፣ ስንት ልጅ እንደተወለደበት ጠየቀች። ስትመለስ ባሏ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«አፍርሰው» አለችው። «በሩን ግን የማወልቀው እኔ ነኝ።»

በዚያው ሳምንት ግንቡ ውኃውን ወደ ማዶ እንደሚገፋው፣ አንዳርጌም በዚህ ምክንያት ሥራውን እንደተወ ወሬው ማዶን አዳረሰ። በሚቀጥለው የሥራ ቀን ጠዋት የማዶ ሰዎች እንደታዘዙት ድንጋያቸውን ተሸክመው ድልድዩን ተሻገሩ። ሁለት መቶ ይሆናሉ። አዲሱ ግንበኛ መሠረቱ አጠገብ ቆሞ ወዲህ አውርዱ፣ ወዲያ አውርዱ ይላል። እነሱ ግን እያንዳንዳቸው ድንጋያቸውን መሬት ላይ አኖሩና ላዩ ላይ ተቀመጡ። የጮኸ፣ የተሳደበ ሰው አልነበረም። አሠሪዎቹ ለመኑ፣ አስፈራሩ፣ ጅራፍ አሳዩ። ማንም አልተነሣም። ገዢው ሲነገረው በበቅሎ መጣና ማን እንደላካቸው ጠየቀ።

ላቀች ከተቀመጠችበት ቆመች። ወደ ገዢው በቅሎ ሁለት እርምጃ ተጠጋች።

«የላከን የለም ጌታዬ። ድንጋይ ተሸከሙ ብላችሁ አወጃችሁ፣ ተሸከምን። ቤታችንን የሚያፈርስ ግንብ ግን በገዛ ጀርባችን ተሸክመን አንሠራም። መግረፍ ትችላላችሁ። ከተገረፍን በኋላም እዚሁ ነው የምንቀመጠው።»

ገዢው ገና ሳይመልስላት ከኋላው የመዶሻ ድምፅ ሰማ። ሰው ሁሉ ዞረ። አንዳርጌ የቤቱ ክዳን ላይ ወጥቶ ሣሩን ይገፍፋል፣ ወራጁን በመዶሻ ይነቅላል። በሩ ተነቅሎ ግድግዳው ላይ ተደግፏል፤ ብርቄ ከሥር ወራጁን ትቀበላለች። ጥቂት ቆይቶ አንዳርጌ ወረደና ከግድግዳው አናት አንድ ጥርብ ድንጋይ ፈንቅሎ ትከሻው ላይ አደረገ። አርባ እርምጃ ያህል ሄዶ ችካሉ የተተከለበት ቦታ ላይ አስቀመጠው። ተመልሶም ሁለተኛውን አነሣ።

ገዢው በቅሎውን አስጠግቶ አብደህ ነው ወይ አለው።

«ቤቴ ያለው የውኃው መንገድ ላይ ነው ጌታዬ። ሌላውን ሰው ተነሣ ከማለቴ በፊት እኔ ልነሣ ብዬ ነው።»

ገዢው ግማሹ የተገፈፈውን ክዳን አየ። ድንጋያቸው ላይ የተቀመጡትን ሰዎች አየ። ነጋድራስ ይመኑ ሮጦ መጥቶ በጆሮው ሊናገር ሲል በእጁ ከለከለው። ከበቅሎው ወረደና ያን በጭቃ ሠራችሁት ያላችሁትን ነገር አሳዩኝ አለ።

ላቀች እዚያው የወንዙ ዳር ላይ ተንበርክካ ቦዩን ቆፈረች፣ ቤቶቹን ሠራች፣ ግንቡን አቆመች። ውኃውን ማፍሰስ ግን አልፈለገችም። አንድ ማሰሮ ውኃ ከወንዙ አስቀድታ በሁለት እጇ ለገዢው አቀበለችው። ገዢው ጎንበስ ብሎ ራሱ አፈሰሰ። የወዲያኛው ቤት ሲለሰልስና ሲጎብጥ ማሰሮውን አላነሣም፤ እስኪያልቅ አፈሰሰ። ቤቱ ጠፍቶ ቦታው ላይ የደፈረሰ ውኃ ብቻ ሲቀር ቀና አለ።

«የማን ቤት ነው?» ብሎ ጠየቃት።

«የማንም አይደለም ጌታዬ፣ ጭቃ ነው። የእኔ ሲፈርስ ማየት ከፈለጉ ግን ክረምት ሲገባ ይምጡ።»

ገዢው ማሰሮውን መለሰላት። ቱምቢውን ከግቢው አስመጥቶ ለአንዳርጌ መለሰለትና ገመዱ በአትክልት ቦታው መሐል እንዲያልፍ፣ የማዶ የፊተኛ ረድፍ ቤቶችም ወደ ግጦሹ እንዲወጡ ፈቀደ።

ይህ የታሪኩ ማለቂያ ቢሆን ደስ ባለን ነበር፤ ነገር ግን ትልቁ ዋጋ የተከፈለው ከዚህ በኋላ ነው። ሥራው እጥፍ ሆነ። ሰው ድንጋይ ሲሸከም የዘር ወቅት አለፈበትና በዚያ ዓመት ብዙ ቤት በቀን አንድ ጊዜ ነበር የሚበላው። ነጋድራስ ይመኑ ሦስት መጋዘኑን እየተራገመ አፈረሰ። ሰባት ነጋዴዎች ይህ ከተማ አይሆነንም ብለው ቤተሰባቸውን ይዘው ሄዱ፤ አልተመለሱምም። ማዶ ደግሞ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ከተወለድኩበት ቤት አልወጣም ሲሉ ልጆቻቸው በቃሬዛ አወጧቸው። አዲሱ ቤት ገብተው ሸማቸውን ሳይዘረጉ በሦስተኛው ወር ሞቱ። አንዳርጌ ቀብራቸው ላይ ቆሞ የሴት ልጃቸውን ፊት ማየት አቃተው። ትክክለኛ ነገር መሥራቱን ያውቃል፤ ይህም ቢሆን ሸክሙን አላቀለለትም። እሱና ብርቄ በሰው ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይተው ገቡ።

ግንቡ አልቆ ክረምቱ ገባ። ዝናቡ ትንሽ ነበር። ገራም እስከ አፉ እንኳ ሳይሞላ መስከረም ጠባ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። በሁለተኛውም ዓመት እንደዚያው ሆነ። በወንዙና በግንቡ መሐል የተለቀቀው ሰፊ ሜዳ ሣር በቀለበት፣ ከብት ተሰማራበት፣ ልጆች ይጫወቱበት ጀመር። የከተማው ሰው «የአንዳርጌ እርሻ» ብሎ ስም አወጣለት፤ ስሙ በተነሣ ቁጥር ገበያው ይስቃል። አንዳርጌ ሲያልፍ ዘንድሮ ምን ዘራህ ብለው ይጠይቁታል። ብርቄም ውኃ ልትቀዳ ስትሄድ የሚወረወረውን ነገር ትሰማ ነበር። አንድ ቀን «የራሱን ቤት ያፈረሰ ሰው ከዚህ ሌላ ለማን ምን ዕዳ አለበት?» ብላ መለሰችላቸው።

በሦስተኛው ዓመት የበልግ ወራት ነጋድራስ ይመኑ ሜዳው ላይ የገበያ ዳስ ልትከል ብሎ ገዢውን ጠየቀ። ገዢውም መሬቱ ባዶውን ከሚቀር ብሎ ሊፈቅድ አሰበ። አንዳርጌ ይህን ሲሰማ ሳይጠራ ግቢው ገባ።

«ዛሬ አንድ ዳስ ከተፈቀደ ክረምት ሳይገባ መቶ ይሆናል ጌታዬ። ከዚያ ባለዳሶቹ አጥር ያጥራሉ፤ አጥሩም ግንብ ይሆናል። ከብት ይጋጥበት፣ ጎመን ይዘራበት፣ ልጅ ይሩጥበት። ቤት ግን አይሠራበትም። ሽማግሌው ሸማኔ የሞቱት ለነጋድራስ ዳስ ቦታ ለመልቀቅ አይደለም።»

ገዢው እስከ መቼ እንድንጠብቅ ትፈልጋለህ ብሎ ጠየቀው።

«ወንዙ እስካለ ድረስ» አለ አንዳርጌ።

አልተፈቀደም። ነጋድራስም አኮረፈ።

በዚያው ክረምት ዝናቡ መጣ። አሥራ አንድ ቀን ሳያባራ ዘነበ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ከላይ አገር ትልቅ ጩኸት ተሰማ። ሰው ከየቤቱ እየሮጠ ግንቡ ላይ ወጣ። ገራም ቀይ ሆኖ መጣ። ዛፍ ከነሥሩ፣ የሞተ በሬ፣ የሰው ቤት ክዳን ተሸክሟል። ከአፉ ሞልቶ ሜዳው ላይ ወጣ። ሣሩ ጠፋ። የአንዳርጌ ቤት መሠረት በነበረበት ቦታ ላይ ውኃው የሰው ቁመት ሆነ። ብርቄ የባሏን ክንድ ይዛ ቦታውን ስታይ ቆየች። ውኃው ወደ ግንቡ መጥቶ የመጀመሪያውን ረድፍ ድንጋይ ሸፈነ። ሁለተኛውን ሸፈነ። ሦስተኛው ላይ ደረሰ። እዚያ ላይ እንዳለ ተንጣልሎ እስከ ማታ ወረደ፤ ወደ ላይ ግን አልጨመረም። በማግስቱ መጉደል ጀመረ።

በወዲህ በኩል የሞተ የለም። በማዶም የሞተ የለም። የላቀች አዲስ ቤት ግድግዳ ላይ አንድም መስመር አልተሰመረም። ውኃው በጎደለ በሳምንቱ እቶኗን አቀጣጥላ ድስቷን ተኮሰች።

መሬቱ ጠንከር ሲል ሰው ሜዳውን ለማየት ወጣ። ነጋድራስ ይመኑም መጣ። በዘንጉ ግንቡ ላይ ጭቃው የደረሰበትን ለካና ጉልበቱን እንኳ እንደማያልፍ አየ። ዙሪያውን ለቆሙት ዘንጉን ከፍ አድርጎ አሳያቸው።

«ይኸው ነው እንዴ? ለዚህ ኖሯል መጋዘኔን ያፈረስነው? ውኃው ያን ያህል አልነበረም።»

ከቆሙት አንዳንዶቹ እውነቱን ነው በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዳርጌ እዚያው አጠገባቸው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ የመጣውን ደለል ይዝቅ ነበር። አካፋውን ተክሎ ቀና አለ። ቤቱን፣ የሁለት ዓመቱን ሳቅ፣ የሽማግሌውን ቀብር አሰበ። ቁጣው ወደ አፉ መጥቶ ነበር፤ ግን ረጋ ብሎ ተናገረ።

«ያን ያህል እንዳይሆን ነው ቤቴን ያፈረስኩት» አለ።

አካፋውንም ነቅሎ ሥራውን ቀጠለ፤ የሚቀጥለው ክረምት ከመምጣቱ በፊት ሜዳው መጠረግ ነበረበት።

ይህን ታሪክ ያነበባችሁ ሁሉ ሁለት ነገር ልብ በሉ። ከተማን ለሚመጣው ጊዜ ማዘጋጀት ብዙ ያስከፍላል፤ አያስከፍልም የሚላችሁን አትመኑ። የሚከፈለው ዛሬ ነው፣ ሁሉም ያየዋል። የሚገኘው ጥቅም ግን ያልፈረሰ ቤትና ያልሞተ ሰው ነው፤ እሱን ቆጥሮ የሚያመሰግን የለም። ስለዚህ አስቀድሞ የሚዘጋጅ ሰው መሳቂያ ለመሆን መድፈር አለበት። ሁለተኛውን ደግሞ አትርሱ፤ ጉዳትን ከኃይለኛው ደጅ አንሥቶ ድምፅ በሌለው ሰው ደጅ ላይ መጣል ከተማን ማዳን አይባልም። ሸክሙ የሁሉ ከሆነ ብቻ ነው ከተማው ዳነ የሚባለው፤ ማካፈሉም የሚጀምረው ሐሳቡን ካመጣው ሰው ነው።

እናንተ በምትኖሩባት ከተማ ሙቀቱና ጎርፉ እየበረታ ሲሄድ ተነሥ የሚባለው ማነው? ከመነሣቱ በፊትስ የጠየቀው ሰው አለ? ካልተጠየቀ፣ ዝም ብላችሁ ልታዩ ነው ወይስ አብራችሁት ድንጋዩ ላይ ልትቀመጡ?